የቅኔ ዘረፋና የቅጂ ዘረፋ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ብርድ ተሻግሮ መካነ ሰላም የሚደርስ አዲስ መጽሐፍ፣ ከሩቅ አገር እንደ መጣ እንግዳ ጠያቂው ብዙ ነው። አንዱ አንብቦ ሳይጨርሰው ሁለተኛው ወረፋ ይይዛል፤ ሦስተኛው «ከእርሱ ቀጥሎ ለእኔ» ብሎ ቃል ያስገባል። በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲና በከላላ ያስተማረ መምህር ሁሉ ይህን ልማድ ያውቀዋል። ጥራዙ እስኪላላ፣ ጠርዙ እስኪበላ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ መጽሐፍ በአካባቢው የተከበረ መጽሐፍ ነው። አሁን ግን ወረፋው እየቀረ መጥቷል። አንዱ ባለ ስልክ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሣዋል፤ በአንድ ፋይል ያጠቃልለዋል፤ በቴሌግራም ላይ በተቋቋመው የመጽሐፍ ወዳጆች ቡድን ውስጥ ይለቀዋል። መብራትና ኔትዎርክ ካለ በዚያው ምሽት ስንቱ ዘንድ እንደሚደርስ መቁጠር ያዳግታል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ከእነዚሁ ወረዳዎች በአንደኛው አማርኛ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ያጫወቱኝ ነገር ነው። መምህሩ ተማሪዎቻቸው አንድ ልብ ወለድ አንብበው ሐተታ እንዲጽፉ አዘዙ። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ የመጽሐፉን ርእስና የደራሲውን ስም ጻፉ የሚል። ወረቀቱን ሲያርሙ ግን በርከት ያሉት ተማሪዎች በደራሲው ስም ቦታ የጻፉት ፋይሉን ያገኙበትን የቴሌግራም ቻናል ስም ሆኖ አገኙት። መምህሩ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ የአንዱን ስልክ ተቀብለው ሲያዩት ቁጣቸው በረደ። ፋይሉ ሽፋን የለውም። የውስጥ ርእሱ፣ ማተሚያ ቤቱና ዓመተ ምሕረቱ የሚገኙበት ገጽ የለም፤ የመታሰቢያው ገጽም የለም። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ግን የቻናሉ ስም በቀይ ቀለም ሰፍሯል። ተማሪዎቹ የጻፉት ያዩትን ነው። «ዜሮ ልስጣቸው ወይስ ሙሉ ነጥብ?» ሲሉ መምህሩ ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ የሌባና የፖሊስ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ የኪነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ባላስፈለገው ነበር። መጽሐፍ በድብቅ አባዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ሌላ ነው፤ እርሱን ሕግ ያውቀዋል። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ወዳጆች ነው። ቡድኑን ያቋቋሙት ወጣቶች ሳንቲም አያተርፉበትም፤ እንዲያውም ዳታውን የሚገዙት ከኪሳቸው ነው። መጽሐፍን ይወዳሉ፤ ሌላውም እንዲወድላቸው ይመኛሉ። እንግዲህ ሃያሲ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ወዳጅ ለወደደው ሥራ ምን ዓይነት ወግ መጠበቅ አለበት የሚለውን ነው። ወግ ስል ከሕግ ዝቅ፣ ከመልካም ፈቃድ ከፍ ያለውን፣ ቢጥሱት የማያሳስረውን፣ ነገር ግን የሚያሳፍረውን ማለቴ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ወግ ከባሕር ማዶ የሚመጣልን ትምህርት አይደለም። በዚሁ ደጋ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል፤ የጣልነው እኛ ነን።

እስቲ ከቋንቋችን እንነሣ። አማርኛ «ቀዳ» የሚለውን ግሥ ለሁለት ሥራ ያውለዋል። ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጽሑፍና ዜማም ከሌላ ይቀዳል። በካሴት ዘመን «ይህን ዘፈን አስቀዳልኝ» እንባባል ነበር። ከምንጭ የቀዳ ሰው የት እንደ ቀዳ ቢጠየቅ ለመናገር አያፍርም፤ ምንጩንም አደፍርሶ አይሄድም። «ዘረፈ» ደግሞ ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቅ ቃል ነው። ወንበዴ ይዘርፋል፤ ባለቅኔም ይዘርፋል። በቅኔ ቤት «ዘረፈ» ማለት ከራሱ አእምሮ አፍልቆ፣ ከሌላ ያልተወሰደ አዲስ ቅኔ አቀረበ ማለት ነው። ትልቁ ፈጠራና ትልቁ በደል በአንድ ቃል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የቅኔ ቤት ተማሪ ግን ሁለቱን አያምታታም። የመምህሩን ቅኔ በሌላ ደብር ቢናገር «የመምህር እገሌ ነው» ብሎ ይናገራል። ስሙን ውጦ የራሱ ቢያስመስለው፣ ሰሚ ከሰሚ ተነጋግሮ አንድ ቀን ይደረስበታል፤ ከዚያ ወዲያ በጉባኤ ፊት የሚቆምበት ዓይን አይኖረውም። ሰዋስዋችንም ቢሆን የድርጊቱን ፈጻሚ የሚጠራው «ባለቤት» ብሎ ነው። ባለቤቱ በስም ባይጠራ እንኳ ግሡ በሆዱ ተሸክሞት ይገኛል። ቀይ ማኅተም ያለበት ያ ፋይል ግን በሆዱም የያዘው ባለቤት የለም።

ወሎ ቦረና ለዚህ ወግ ባዳ አይደለችም። የጋስጫው አባ ጊዮርጊስ ስም ከዚህ ምድር ጋር የተያያዘ ነው። «መጽሐፈ ምሥጢር» የተባለው ትልቅ ሥራው በ1416 ዓ.ም. የተፈጸመ ሲሆን፣ በየደብሩ ሌሊት የሚቆመው ሰዓታት የእርሱ ድርሰት መሆኑን ካህን ሁሉ ያውቃል። ልብ ልንለው የሚገባን፣ ማተሚያ ቤት ወደ አገራችን እስኪገባ ድረስ ይህ ሰዓታት የተዳረሰው በቅጂ ብቻ መሆኑን ነው። ያውም ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ ብርዕ ተቀርጦ፣ ወራት በፈጀ ቅጂ። ለመቅዳት ፈቃድ የጠየቀ የለም፤ ለደራሲው የከፈለም የለም። በዚህ በኩል የጥንቱ ቁም ጸሐፊና የዛሬው ባለ ቴሌግራም ወጣት አይለያዩም። የሚለያዩት በስሙ ላይ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት በእጅ ሲገለበጥ የኖረው ሥራ የደራሲውን ስም ይዞ እኛ ዘንድ ደረሰ፤ በአንድ ምሽት የተገለበጠው ልብ ወለድ ስሙን መንገድ ላይ ጥሎ መጣ።

የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው መጨረሻው ላይ ምን እንደሚገኝ ያውቃል። ያስጻፈው ማን እንደ ሆነ፣ የጻፈው ማን እንደ ሆነ፣ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ተሰጠ ተመዝግቦ ይገኛል። ብዙውን ጊዜም መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ይታከልበታል። ከሰራቂው አጠገብ ፋቂው መቆሙን አስተውሉልኝ። የጥንት ሰዎች መጽሐፍን ከመደርደሪያው ማጥፋትና ከመጽሐፉ ላይ ስምን ማጥፋት በአንድ ግዝት የሚታሰሩ በደሎች አድርገው አዩአቸው። የጥንቱን ዘመን እንዲያው በደፈናው ለማወደስ ግን አልፈልግም። የቀድሞው ባለንብረት ስም ተፍቆ የአዲሱ የገባባቸው የብራና መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም። በጸሎቱ መካከል የተጻፈውን የሌላ ሰው ስም በምላጭ አንሥቶ የራሱን ያስገባ ባለጸጋ፣ ጸሎቱ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ እርሱ የሚመጣ መስሎት ይሆናል። የቻናሉ ቀይ ጽሑፍ የዚህ ምላጭ የልጅ ልጅ ነው። ነገር ግን ያ ባለጸጋ የፋቀው የባለንብረቱን ስም ነው፤ ድርሰቱ የማን እንደ ሆነ የሚናገረውን ቃል አልነካም።

«ዘረፈ» ከሚለው ቃል ሳንርቅ፣ ቃሉ ያለ ምንም ቅኔ በወንበዴው ትርጉም የተፈጸመበት አምባም ያለው በዚሁ በደቡብ ወሎ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያከማቿቸው መጻሕፍት ተዘረፉ፤ ከእነርሱ 350 ያህሉ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በቅርብ ዓመታት በፎቶ እየተነሡ በኢንተርኔት ለአንባቢ ቀርበዋል። ፎቶውን ወስዶ ጽሑፍ የሚያትም ምሁር ከሥሩ የቤተ መጻሕፍቱን ስምና የመጽሐፉን ቁጥር ይጽፋል። ማለፊያ ሥርዓት ነው። ነገሩ የሚያስቀው፣ በኃይል የወሰደው ስሙ እንዳይዘለል ይህን ያህል ሲጠበቅለት፣ በሰላም የጻፈው ደራሲ ስም በገዛ አገሩ ልጆች መዘለሉ ነው። የተሻለ ምሳሌ የሚሆነን በ1966 ዓ.ም. የተጀመረውና በሚኒሶታ ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና መጻሕፍት ማእከል ጋር የተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ ነው። 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት ፎቶ ሲነሡ፣ መጽሐፉ የየትኛው ገዳም፣ የየትኛው ደብር እንደ ሆነ አብሮ ተመዘገበ። ብራናው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ቅጂው የባለቤቱን ስም ይዞ ሄደ። ሟቹ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት የደከሙበትን ዝርዝር የሚያገላብጥ ሰው፣ የማይታወቀውን የገጠር ደብር ስም ከታወቀው ገዳም እኩል ተጽፎ ያገኘዋል።

ከብራና ወደ ሬዲዮ እንምጣ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ አንባቢው ብዙ ነው፤ በወጋየሁ ንጋቱ ንባብ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የሰማው ግን ከአንባቢውም ሳይበልጥ አይቀርም። ያ ድምፅ በካሴት ተቀድቶ ዞረ፤ ዛሬ በዩቲዩብና በቴሌግራም ይዞራል። በዚህ አንድ ትረካ ውስጥ ስንት ባለቤት አለ? ድርሰቱ የሐዲስ ነው። ድምፁ፣ ትንፋሹ፣ የጉዱ ካሣን ምሬትና የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት የለየበት የተዋናይ ጥበብ የወጋየሁ ነው። ቀረጻው የጣቢያው ነው። አሁን የሚሠራጩትን ቅጂዎች ያዳመጠ ሰው እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዘንግተው ሊያገኛቸው ይችላል። መግቢያው ተቆርጦ በምትኩ የቻናሉ ማስታወቂያ ገብቶበታል፤ ትረካው በአጭር በአጭሩ ተከፋፍሎ፣ ክፍሎቹም ተዘበራርቀው ተለቀዋል። አንድ አድማጭ የሰብለ ወንጌልን መጨረሻ ከመጀመሪያዋ አስቀድሞ ቢሰማ በደሉ የማን ነው? ለእኔ ይህ ስም ከመዝለል የማይተናነስ ጥፋት ነው። ሐዲስ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ቦታ ሰጥተውታል፤ ያን ቦታ ማናወጥ ሥራውን ማናወጥ ነው።

በዘፈን በኩል የሚቀርበው ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው፤ «የሕዝብ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው፤ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር ሆነው የዘመናዊውም የጥንቱም ዜማ መሠረት የሆኑ ቅኝቶች ናቸው። ቅኝትን በግል የሚይዝ የለም። ይሁንና ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም ያ ድምፅ የሕዝብ አይደለም፤ የማሪቱ ነው። ሚሞሪ የሚጭነው ሱቅ ግን «የወሎ ባህላዊ፣ 7» ብሎ ይጭነዋል። የዘፋኟ ስም የለም፤ የመሲንቆ መቺው ስማ ከቶም የሚጠየቅ አይደለም። የመንዙማው ይበልጥ ያሳዝናል። ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ የወሎ ሊቃውንት አማርኛን በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ ያቆዩት ግጥም፣ ዛሬ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲተላለፍ የሚታወቀው በመጨረሻው ዜመኛ ስም ብቻ ሊሆን ነው። ገጣሚው አንድ፣ ዜመኛው ሌላ፣ ድቤ መቺውና ተቀባዩ ሌላ ናቸው። «የሕዝብ» የሚለው ማዕረግ በኪነት ሰው ላይ መሸፈኛ ሆኖ ሲጣል፣ ሕዝቡም ከማን እንደ ወረሰ ሳያውቅ ይቀራል።

በሙዚቃ ረገድ አንድ የውጭ አገር ወዳጅ ያሳየውን ማንሣት ይገባል። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሀገር ፍቅርን የሸክላ ብቸኛ መብት ደፍሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች፣ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አማካይነት «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እንደገና ሲወጡ፣ ሰውዬው እንደ ወዳጅ ሸክላ ሰብስቦ ብቻ አልተቀመጠም። አሳታሚውን ፈልጎ አገኘ፤ ተዋዋለ፤ ከዲስኩ ጋር በሚወጣው ጽሑፍም ዘፋኙንና አቀናባሪውን በስም ጠራ። ከአሳታሚ ጋር የተደረገ ውል ለዘፋኙ ምን አስገኘ የሚለው ጥያቄ የራሱን ሐተታ ይሻል፤ አሁን አልገባበትም።

ሕጉስ ምን ይላል? በአጭሩ ልለፈው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጓል፤ በእርሱ ፋንታ የመጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ደራሲ በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ጥቅሙ ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ እስከ 2046 ዓ.ም. ማለት ነው። አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግሉ ብቻ ቢገለብጥ አይከለከልም፤ መምህርም ለማስተማር፣ ጸሐፊም ለመጥቀስ በልኩ ሊወስድ ይችላል፤ የምንጩንና የደራሲውን ስም ግን መጥቀስ አለበት። ለብዙ ሺህ ሰው መልቀቅን «ለግል» የሚል ዳኛ አይገኝም። አዋጁ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ሆን ብሎ ለጣሰ ሰው ያሰበው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ነበር። ይህን ያነበበ የመካነ ሰላም መምህር ይስቃል እንጂ አይደነግጥም፤ ስለ አንድ ፒዲኤፍ ወህኒ የወረደ ጎረቤት አያውቅማ። ለማንሣት የሚከብድ ዱላ ሳይነሣ ይቀራል። ወግ ያስፈለገንም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር እንመለስ። የቡድኑ ወጣቶች እንዲህ ይሉኛል፦ «መጽሐፉ ከአዲስ አበባ አይወጣም። ቢወጣ ደሴ ይቀራል። ዋጋው ከተማሪ አቅም በላይ ነው። እኛ ባንለቀው ማንም አያነበው፤ ያልተነበበ ደራሲ ምን ጥቅም አለው?» ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረው ገበሬ የሚያነበው እንዲያገኝ የንባብ ቤት ማቋቋም ማስፈለጉን ካድሬዎች ተረድተውት ነበር። ዛሬ የወረዳው መጻሕፍት ቤት ባዶ ሆኖ ሳለ ወጣቱን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የባህል ሠራተኛውም በዚህ ተጠያቂ ነው። ሆኖም ከደራሲው ወገን ሆነን እንየው። ከአገራችን ደራስያን ብዙዎቹ የሚያሳትሙት በገዛ ገንዘባቸው ነው፤ ወረቀቱንና ማተሚያውን በብድር የከፈሉም አሉ። መጽሐፉ ገበያ ላይ በዋለ በሳምንቱ ሙሉ ፋይሉ ሲለቀቅ፣ ያ ደራሲ ሁለተኛውን መጽሐፍ በምን ያሳትም? ወዳጆቹ የወደዱት ይህን አንዱን ነው፤ ያልተጻፈውን ግን እያስቀሩት ነው።

ስለዚህ ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም እላለሁ። ዳግም ያልታተመ፣ በገበያ የማይገኝ፣ ደራሲው የሞተበትና ወራሹ ተፈልጎ ያልተገኘ ሥራ ከነሽፋኑ፣ ከነርእስ ገጹ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ ቢዘዋወር፣ ሕጉ ባይፈቅደውም እኔ ሃያሲ ሆኜ አላወግዘውም፤ ወራሹ መጥቶ «አንሡልኝ» ያለ ዕለት ግን ያለ ክርክር ይነሣ። በሕይወት ያለና መጽሐፉን እየሸጠ ያለ ደራሲ ሥራ ሌላ ነው። ከእርሱ አንድ ምዕራፍ እንኳ የሚለቀቀው ተጠይቆ ነው። ደራስያን ስልክ አላቸው፤ ከሚጠየቁት መካከል «ደስ ይለኛል» የሚሉት ጥቂት እንደማይሆኑ እገምታለሁ። የሚከለክልም ይኖራል፤ መብቱ ነው። ሙሉውን ለማንበብ ደግሞ ወሎ የሚያውቀው መንገድ አለ። ዐሥር ሰው እንደ ዕቁብ አዋጥቶ ሁለት ቅጂ ይገዛል፤ ለአውቶቡስ ሹፌር አደራ ተብሎ በአቀስታ በኩል ይመጣል፤ ያ የቀረው ወረፋ ይመለሳል። የገዙትን መጽሐፍ ማዋስን የሚከለክል ሕግ አላየሁም። የራስን ማኅተም በሌላ ሰው ገጽ ላይ ማተም ግን በየትኛውም ሁኔታ የሚደገፍ አይደለም፤ መጽሐፉ አሮጌ ቢሆን፣ አዲስ ቢሆን፣ ደራሲው ቢፈቅድ እንኳ።

ከመምህሩ ጋር እንደገና ተገናኝተን ነበር። ለተማሪዎቹ ለዚያ ጥያቄ ግማሽ ነጥብ ሰጥተዋቸዋል። ለቡድኑ ኃላፊም፣ ቀድሞ ያስተማሩት ልጅ ኖሮ፣ በስልክ ደውለው ተቆጡት። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ፋይሉን በማግስቱ ለወጠው። አሁን ሽፋኑ አለ፤ የርእሱ ገጽ አለ፤ የደራሲው ስም በጉልህ ይነበባል። የቻናሉም ስም በየገጹ ግርጌ እንዳለ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ከቀይ ወደ ግራጫ ተለውጧል።